ቫይረሱን ፍለጋ፦ የአንድ የቆዳ ካንሰር የሁለት መቶ ዓመት ታሪክ

በፓሪስ ከተማ ሴን ሉዊ የሚባል ሆስፒታል አለ። ንጉሥ ሄንሪ አራተኛ በ1607 እንዲሠራ ያዘዙት (በዚህ ትረካ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ወረርሽኝ የያዛቸው ሰዎች ከከተማው ሕዝብ ተለይተው እንዲታከሙበት ነበር። ከፈረንሳይ አብዮት በኋላ ሆስፒታሉ የቆዳ ሕሙማን መሰብሰቢያ ሆነ። በ1801 እዚያ የተመደበው ዣን ሉዊ አሊቤር የተባለ ሐኪም ተማሪዎቹን በግቢው ዛፎች ጥላ ሥር ሰብስቦ፣ ሕሙማኑን አንድ በአንድ እያቀረበ ያስተምር ነበር።

አሊቤር በ1806 ባሳተመው የቆዳ በሽታዎች መጽሐፉ ከእሱ በፊት ማንም በቅጡ ያልመዘገበውን አንድ ሕመም አሰፈረ። የታማሚው ቆዳ መጀመሪያ የተቅረፈረፈ ሽፍታ ወጣበት። እያደር በፊቱና በገላው ላይ እንጉዳይ የመሰሉ ዕባጮች ተነሡ፤ ዕባጮቹም ፈንድተው ቆሰሉ። አሊቤር በሽታውን በመጀመሪያ ያውስ ከሚባለው ተላላፊ የቆዳ በሽታ ወገን አድርጎ ቆጠረው። በ1832 ደግሞ እስከ ዛሬ የሚጠራበትን ስም ሰጠው፤ ማይኮሲስ ፈንጎይደስ። ስሙ የፈንገስ በሽታ ያስመስለው እንጂ ፈንገስ የለበትም። አሊቤር የዕባጮቹን መልክ እንጂ በውስጣቸው ያለውን ሴል የሚያይበት መንገድ አልነበረውም።

ይህ በሽታ ከምን ይመጣል? ተላላፊ ነገር አለበት? ጥያቄው ሁለት መቶ ዓመት አልፎታል፤ መልሱም ገና አልተሟላም። በፍለጋው መንገድ ላይ ግን ሰውን ካንሰር እንደሚያሲዝ የተረጋገጠ የመጀመሪያው ሬትሮቫይረስ ተገኘ። ያ ግኝት ለብዙ ሺህ ሕፃናት መትረፊያ ሆኗል። ታሪኩን ከመጀመሪያው እንከተለው።

በ1870 ሌላው የሴን ሉዊ ሐኪም ኤርነስት ባዛን የበሽታውን አካሄድ በሦስት ደረጃ ከፈለው። መጀመሪያ ላይ ፀሐይ በማያገኛቸው የሰውነት ክፍሎች፣ ማለትም በመቀመጫ፣ በጭንና በጡት ሥር፣ ቀላ ያለ ወይም የገረጣ ሽፍታ ይወጣል። ያሳክካል፤ ይጠፋና ይመለሳል። ብዙ ጊዜ ችፌ ወይም ጭርት ነው ተብሎ ቅባት ይታዘዝለታል። ቀጥሎ ሽፍታው ይወፍርና ይጠነክራል። በሦስተኛው ደረጃ አሊቤር ያያቸው ዕባጮች ይመጣሉ። ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው ለመድረስ ዓመታት፣ አንዳንዴም አሥርት ዓመታት ይወስዳል። አብዛኞቹ ሕሙማን እንዲያውም ወደ ሦስተኛው ደረጃ ሳይደርሱ ዕድሜያቸውን ይጨርሳሉ።

በ1938 አልበር ሴዛሪ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ከባልደረባው ቡቭሬን ጋር ሌላ መልክ ያለው ሕመም አቀረበ። የታማሚዋ ቆዳ ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር ቀልቶ፣ ማሳከኩ እረፍት ነሥቷት፣ ንፍፊቶቿ አብጠው ነበር። ደሟ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ደግሞ ግዙፍና ቅርጸ ብልሹ ሴሎች ተገኙበት። ሴዛሪ እነዚያው ሴሎች በቆዳዋም ውስጥ እንዳሉ አየ። የቆዳው በሽታና የደሙ በሽታ አንድ መሆናቸው የታወቀው ከዚህ ተነሥቶ ነው። ዛሬ ይህ ሕመም በእሱ ስም የሴዛሪ ሕመም ይባላል፤ ከማይኮሲስ ፈንጎይደስ ጋርም የቅርብ ዘመድ ነው።

ከዶሮ ወደ ሰው

ሐኪሞቹ ቆዳ ሲመረምሩ፣ ሌሎች ተመራማሪዎች ደግሞ ካንሰርን በእንስሳት ላይ እየተከታተሉ ነበር። በ1908 በኮፐንሃገን ኤለርማንና ባንግ የተባሉ ሁለት ሰዎች የዶሮ የደም ካንሰር ከአንዷ ዶሮ ወደ ሌላዋ በቫይረስ እንደሚተላለፍ አሳዩ። በ1911 በኒውዮርክ የሮክፌለር ተቋም ፔይተን ራውስ ከአንዲት ዶሮ የተገኘ ዕጢ ፈጭቶ፣ ባክቴሪያ በማያሳልፍ ማጣሪያ አጥልሎ፣ ጭማቂውን በጤነኞች ዶሮዎች ላይ ወጋ። ዶሮዎቹ ዕጢ አወጡ። ካንሰርን ያስተላለፈው ነገር ከባክቴሪያ ያነሰ፣ ማለትም ቫይረስ ነበር።

በጊዜው ብዙ ሰው ነገሩን የዶሮ ጉዳይ ብቻ አድርጎ ተወው። ራውስ የኖቤል ሽልማቱን ያገኘው ከ55 ዓመት በኋላ፣ በ1966 ነው። በመሐሉ ማስረጃው እየተጠራቀመ ሄደ። በ1951 ሉድቪክ ግሮስ የአይጥን የደም ካንሰር ቫይረስ አገኘ። በ1964 በግላስጎው ዊልያም ጃሬት በድመቶች ላይ ተመሳሳይ ነገር አሳየ። በዚያው ዓመት በለንደን ኤፕስታይን፣ አቾንግና ባር፣ ዴኒስ በርኪት በኡጋንዳ ሕፃናት መንጋጋ ላይ ካያቸው ዕጢዎች ናሙና ውስጥ አዲስ ቫይረስ ተመለከቱ። ኤፕስታይን ባር ቫይረስ የምንለው ይህ ነው። ከሰው ልጅ ካንሰር ጋር የተያያዘ ቫይረስ ሲገኝ የመጀመሪያው ነበር።

ዶሮን፣ አይጥንና ድመትን ያሳመሙት ቫይረሶች ግን ሬትሮቫይረስ ከሚባለው ሌላ ወገን ናቸው። የዘር መረጃቸው በአርኤንኤ የተጻፈ ነው። በ1970 ሃዋርድ ቴሚንና ዴቪድ ባልቲሞር፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ቤተ ሙከራ፣ እነዚህ ቫይረሶች አርኤንኤውን ወደ ዲኤንኤ የሚገለብጥ ኢንዛይም እንዳላቸው ደረሱበት። ቫይረሱ በዚህ ኢንዛይም ራሱን ወደ ዲኤንኤ ለውጦ በያዘው ሴል የዘር መዝገብ ውስጥ ይገባል፤ ሴሉ በተከፋፈለ ቁጥርም አብሮ ይባዛል። ለፈላጊዎቹ ይህ ትልቅ መሣሪያ ሆነ። ቫይረሱን በዓይን ባያዩት እንኳ ኢንዛይሙ የሚሠራበትን ፈሳሽ ካገኙ ባለቤቱ በአቅራቢያው አለ ማለት ነው።

በእነዚያው ዓመታት የማይኮሲስ ፈንጎይደስና የሴዛሪ ሕመም ሴሎች ማንነትም ታወቀ። ሁለቱም ቲ ሴሎች ነበሩ፤ ጤነኞች ሲሆኑ የሰውነትን መከላከያ የሚመሩ ነጭ የደም ሴሎች ማለት ነው። በ1975 ሪቻርድ ኤደልሰንና ማርቪን ሉትዝነር ሁለቱን ሕመሞች የቆዳ ቲ ሴል ሊምፎማ በሚል አንድ ጥላ ሥር አደረጓቸው። ለዘመናት እንደ ሽፍታ ሲታይ የኖረው ነገር በቆዳ ውስጥ የሠፈረ የመከላከያ ሴሎች ካንሰር መሆኑ ግልጽ ሆነ።

ቤተስዳ፣ ሜሪላንድ

ከዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ባለው በአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ሮበርት ጋሎ የተባለ ሐኪም የሰውን ሬትሮቫይረስ ያለመታከት ይፈልግ ነበር። ጋሎ በልጅነቱ እህቱን በደም ካንሰር አጥቷል። የፍለጋው ጊዜ ቀላል አልነበረም። በ1970ዎቹ የሰው ካንሰር ቫይረስ ተገኘ የሚሉ ዜናዎች በተደጋጋሚ ወጥተው ውድቅ ስለሆኑ፣ ተጠራጣሪዎች «የወሬ ቫይረሶች» ይሏቸው ጀመር። የጋሎ ቡድን ራሱ በ1975 ከደም ካንሰር ታማሚ አገኘሁ ያለው ቫይረስ ከዝንጀሮና ከጦጣ ቫይረሶች ጋር በመነካካት የመጣ ሆኖ ተገኘ። ከዚህ በኋላ አዲስ ነገር አገኘሁ ለማለት ማስረጃው በሁሉም በኩል የታጠረ መሆን ነበረበት።

ፍለጋውን ያነቃው በ1976 የተገኘ ሌላ ነገር ነው። ዶሪስ ሞርጋን፣ ፍራንሲስ ረሴቲና ጋሎ፣ ነጭ የደም ሴሎች ከሚለቁት ፈሳሽ ውስጥ ቲ ሴሎችን ከሰውነት ውጭ ለረጅም ጊዜ የሚያሳድግ ንጥረ ነገር አገኙ። ዛሬ ኢንተርሉኪን-2 ይባላል። ከዚያ በፊት ቲ ሴል ከሰውነት ከወጣ ብዙም ሳይቆይ ይሞት ነበር። አሁን ግን የታማሚውን ሴል አቆይቶ፣ አብዝቶ፣ የሚለቀውን ነገር መመርመር ተቻለ።

በዚያው ተቋም አዲ ጋዝዳር፣ ፖል ባንና ጆን ሚና የቆዳ ቲ ሴል ሊምፎማ ሕሙማንን ያክሙ፣ ከናሙናቸውም በብልቃጥ ውስጥ ሳያቋርጡ የሚባዙ የሴል ዘሮችን ያወጡ ነበር። ከእነዚህ ውስጥ ሁለቱ ታሪክ ሠርተዋል። ኤችዩቲ 78 የተወሰደው የሴዛሪ ሕመም ከያዘው ሰው ደም ነው። ኤችዩቲ 102 ደግሞ ማይኮሲስ ፈንጎይደስ ይዞታል ከተባለ አንድ ወጣት ጥቁር አሜሪካዊ ንፍፊት የተገኘ ነው።

ከጋሎ ጋር የሚሠራው በርናርድ ፖይስ የኤችዩቲ 102 ሴሎች ያደጉበትን ፈሳሽ ሲመረምር የሬትሮቫይረስ ኢንዛይም ሥራ አየበት። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ደግሞ ከሴሎቹ ገጽ ላይ እያቆጠቆጡ የሚወጡ ክብ ቅንጣቶች ታዩ። ቡድኑ ካለፈው ትምህርት ወስዶ ስለነበር አልቸኮለም። ቅንጣቱን ከሚታወቁት የእንስሳት ቫይረሶች ጋር አነጻጸረው፤ ከአንዱም ጋር አልገጠመም። ቫይረሱን ከብልቃጥ ሴሎች ብቻ ሳይሆን ከታማሚው በቀጥታ በተወሰዱ ሴሎችም ውስጥ አገኘው። በታኅሣሥ 1980 ግኝቱ ታተመ። ቫይረሱ ኤችቲኤልቪ፣ በኋላም ኤችቲኤልቪ-1 ተባለ። የጥናቱ ርዕስ ቫይረሱ የተገኘው የቆዳ ቲ ሴል ሊምፎማ ካለበት ታማሚ ነው ይላል። አንባቢ ሁሉ የአሊቤር በሽታ መንሥኤ ተገኘ ብሎ ቢደመድም የሚያስወቅሰው አልነበረም።

ኪዩሹ፣ ጃፓን

ከሌላኛው የዓለም ጫፍ ሌላ ታሪክ እየመጣ ነበር። በኪዮቶ ኪዮሺ ታካትሱኪና ባልደረቦቹ ያልተለመደ የደም ካንሰር ያለባቸው አዋቂዎች ገጠሟቸው። ሴሎቻቸው ቲ ሴሎች ናቸው፤ የሴሉ አስኳል በማይክሮስኮፕ ሲታይ እንደ አበባ ቅጠል የተሰነጣጠቀ ነው። ንፍፊታቸውና ጉበታቸው ያብጣል፤ በደማቸው ያለው ካልሲየም ከልክ በላይ ይወጣል፤ ከግማሽ በሚጠጉት ላይ ደግሞ ቆዳቸው በሽፍታና በዕባጭ ይሞላል። ሐኪሞቹ የትውልድ ቦታቸውን ሲጠይቁ አብዛኞቹ ከአንድ አካባቢ፣ ከደቡባዊቷ የኪዩሹ ደሴት የመጡ ነበሩ። በ1977 በሽታውን የአዋቂዎች ቲ ሴል ሉኪሚያ ብለው አሳወቁ። የአንድ አካባቢ ሰዎችን መርጦ የሚይዝ ካንሰር ወይ ከዘር ወይ ከተላላፊ ነገር የመጣ ነው የሚል ጥርጣሬ ያን ጊዜ በረታ።

በ1981 ዮሪዮ ሂኑማ የነዚህን ሕሙማን ደም ከካንሰሩ የሴል ዘር ጋር አገናኘ። በሕሙማኑ ደም ውስጥ ያለው አንቲቦዲ በሴሎቹ ላይ ያለን ባዕድ ነገር ለይቶ ያዘ። ይህም ሰውነታቸው ከቫይረስ ጋር መገናኘቱን ያሳያል። ይበልጥ ያስደነገጠው ደግሞ በሽታው በሚበዛበት አካባቢ ካሉ ጤነኛ አዋቂዎች ከአራቱ የአንዱ ያህል ደምም ተመሳሳይ ምልክት መስጠቱ ነው።

በዚያው ዓመት ኢሳኦ ሚዮሺ ዛሬም በየቤተ ሙከራው የሚጠቀስ ሙከራ አደረገ። የአንዲት ታማሚ ሴት የካንሰር ሴሎችን ከአንድ አዲስ የተወለደ ወንድ ልጅ የእትብት ደም ሴሎች ጋር በአንድ ሳህን ውስጥ አሳደገ። ከጊዜ በኋላ ሳያቋርጡ መባዛት የጀመሩት ሴሎች ክሮሞሶማቸው ሲታይ የወንድ ሆነው ተገኙ። የተለወጡት የልጁ ጤነኛ ሴሎች ነበሩ። ቫይረሱ ከታማሚዋ ሴሎች ወጥቶ ወደ እነሱ ገብቶ፣ የመሞት ተፈጥሯቸውን ነሥቷቸው ነበር።

ሁለቱ ሲገናኙ

በ1982 እና በ1983 ሚትሱአኪ ዮሺዳና ሌሎች ተመራማሪዎች የአሜሪካውንና የጃፓኑን ቫይረስ አነጻጸሩ። አንድ ነበሩ። በለንደን ዳንኤል ካቶቭስኪ ከካሪቢያን ደሴቶች በመጡ ሕሙማን ላይ የጃፓኑን በሽታ አወቀ። ቫይረሱ በደቡብ ጃፓን፣ በካሪቢያን፣ በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ፣ በደቡብ አሜሪካና በኢራን ማሽሃድ አካባቢ እንደሚገኝ በተከታታይ ታወቀ።

ያን ጊዜ የኤችዩቲ 102 ባለቤት ሕመም እንደገና ተመረመረ። አካሄዱ ፈጣን ነበር፤ ደሙ ውስጥ ካልሲየም በዝቶ ነበር፤ ቫይረሱም ነበረበት። ሁሉም ምልክት ከጃፓኑ በሽታ ጋር ገጠመ። ታማሚው የያዘው ማይኮሲስ ፈንጎይደስ ሳይሆን የአዋቂዎች ቲ ሴል ሉኪሚያ እንደነበር ተረጋገጠ። ሐኪሞቹ ሲያክሙት የጃፓኑ በሽታ በአሜሪካ ገና አልታወቀም ነበር፤ ሁለቱ ደግሞ በቆዳ ላይም ሆነ በማይክሮስኮፕ እጅግ ይመሳሰላሉ። ስለዚህ በቆዳ ሊምፎማ ታማሚ ላይ የተገኘው ቫይረስ የሌላ በሽታ መንሥኤ ሆኖ ተገኘ።

የጃፓኑ ማስረጃ ጠንካራ የሆነው በአንድ ነጥብ ነው። ቫይረሱ በሰውየው የዘር መዝገብ ውስጥ የሚገባበት ቦታ ከሴል ወደ ሴል ይለያያል። በአንድ የሉኪሚያ ታማሚ ውስጥ ግን የካንሰሩ ሴሎች ሁሉ ቫይረሱን የያዙት በአንድ ዓይነት ቦታ ላይ ነው። ይህ ሊሆን የሚችለው ቫይረሱ መጀመሪያ አንዲት ሴል ውስጥ ገብቶ፣ ያቺ ሴል ኋላ ካንሰር ሆና ከተባዛች ብቻ ነው። ቫይረሱ ከካንሰሩ በፊት ነበር ማለት ነው። ታክስና ኤችቢዜድ የተባሉት ሁለቱ ፕሮቲኖቹ ሴሉን ወደ መባዛት እንደሚገፉትም ከጊዜ በኋላ ታውቋል። እንዲህም ሆኖ ቫይረሱ ካለባቸው ሰዎች ሉኪሚያው የሚይዛቸው ከመቶ 2 እስከ 5 የሚሆኑት ብቻ ናቸው፤ ያውም ከአሥርት ዓመታት በኋላ።

ቫይረሱ የሚተላለፈው በደም፣ በግብረ ሥጋና ከሁሉም በላይ በእናት ጡት ወተት ነው። በሕፃንነቱ የተያዘ ሰው ከታመመ የሚታመመው በስተርጅና ነው። ጃፓን በ1986 የለጋሾችን ደም መመርመር ጀመረች። በናጋሳኪ አውራጃ ደግሞ ከ1987 ጀምሮ ነፍሰ ጡሮች እየተመረመሩ፣ ቫይረሱ የተገኘባቸው እናቶች በጡት ፋንታ ዱቄት ወተት እንዲሰጡ ተመከሩ። ለረጅም ጊዜ ጡት ከጠቡት ሕፃናት ከአምስቱ አንዱ ገደማ ይያዝ ነበር፤ በጡጦ ያደጉት ላይ ቁጥሩ ከመቶ ወደ 2 እና 3 ወረደ። የካንሰር መከላከያው የእናትየዋ ውሳኔ ሆነ።

ከፍለጋው የተገኘው ጥቅም በዚህ አላበቃም። በ1983 በፓሪስ ፍራንሷዝ ባሬ ሲኑሲና ሉክ ሞንታኜ ሌላ ሬትሮቫይረስ የሆነውን ኤችአይቪን ለዩ። ቲ ሴልን ማሳደግና ሬትሮቫይረስን በኢንዛይሙ መከታተል የመሳሰሉት ዘዴዎች ከዚህ በፊት በነበረው ሥራ ዝግጁ ነበሩ። በ1984 የጋሎ ቡድን ኤችአይቪን በብዛት ያሳደገው ኤች9 በተባሉ ሴሎች ነው፤ እነዚህም የኤችዩቲ 78 ልጆች ናቸው። በ1985 በአሜሪካ ፈቃድ ያገኘው የመጀመሪያው የኤችአይቪ የደም ምርመራ የተሠራው በእነዚህ ሴሎች ላይ ባደገ ቫይረስ ነው። ስሙን የማናውቀው የሴዛሪ ሕመም ታማሚ ለዓለም ያበረከተው ይህን ነው። በአዲስ አበባ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታወቁት በ1986 ነበር፤ እንዲህ ያለ ምርመራ ለአገራችን ምን ማለት እንደነበር ያን ዘመን ያየ ሁሉ ያውቀዋል።

የቀረው ጥያቄ

የማይኮሲስ ፈንጎይደስ ጥያቄ ግን እንደቆመ ነበር። በአብዛኞቹ ሕሙማን ደም ውስጥ የኤችቲኤልቪ-1 አንቲቦዲ የለም። ቢሆንም በሽታው ከጃፓኑ ጋር በጣም ስለሚመሳሰል የቫይረሱ ቁራጭ ተደብቆ ይሆን የሚል ሐሳብ አልጠፋም። በ1980ዎቹ የመጣው ፒሲአር ቅንጣት የምታህል የዘር ቁራጭን ሚሊዮን ጊዜ አባዝቶ ለማየት አስቻለ። በ1991 ዊልያም ሆልና ባልደረቦቹ ከማይኮሲስ ፈንጎይደስ ሕሙማን ደምና ቆዳ የጎደለ የኤችቲኤልቪ-1 ቅሪት አገኘን አሉ። በ1995 በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የዶሮቲያ ዙከር ፍራንክሊን ቡድን 50 ሕሙማን መርምሮ በአብዛኞቹ ላይ የቫይረሱን ቁራጭ እንዳየ አሳተመ፤ በሽታውም ከቫይረሱ ጋር የተያያዘ ነው አለ።

ሌሎች ቤተ ሙከራዎች ወዲያው ሥራውን ደገሙት። ውጤቱ ግን አልመጣም። በ1997 አሊ ባዛርባሺና ባልደረቦቹ ማይኮሲስ ፈንጎይደስና የሴዛሪ ሕመም ከኤችቲኤልቪ-1 ጋር አልተያያዙም ብለው አሳተሙ፤ በአሜሪካም ጋሪ ዉድና ባልደረቦቹ ተመሳሳይ መደምደሚያ ላይ ደረሱ። ፒሲአር እጅግ ስስ መሣሪያ ነው፤ በቤተ ሙከራው አየር ላይ ያለ ብናኝ የሌላ ናሙና ዘር እንኳ ምላሽ ይሰጣል። የቫይረሱ ቁራጭ እውነት ቢኖር እንኳ ሁሉም የካንሰር ሴሎች በአንድ ቦታ ይዘውት መገኘት ነበረባቸው፤ በጃፓኑ በሽታ ላይ የታየው ይህ ማስረጃ እዚህ ጠፋ። በቃጠሎ ቦታ የተገኘ ሰው ሁሉ እሳት ለኳሽ አይደለም፤ ቫይረስም በካንሰር አጠገብ ስለታየ ብቻ መንሥኤ አይሆንም።

ከዚያ በኋላ ሌሎች ተጠርጣሪዎች ቀረቡ። በ2003 በቴክሳስ የኤም ዲ አንደርሰን የካንሰር ማዕከል ተመራማሪዎች ሳይቶሜጋሎቫይረስ ለሚባል ቫይረስ የተሠራ አንቲቦዲ በሕሙማኑ ሁሉ ላይ ማለት በሚቻል ደረጃ አገኙ። ይህ ቫይረስ ግን ዕድሜ በጨመረ ቁጥር በጤነኛውም ሰው ዘንድ እየበዛ የሚሄድ ነው፤ ኋላ የመጡ ምርመራዎችም በሕሙማንና በጤነኞች መካከል ልዩነት በጽናት አላገኙም። ኤፕስታይን ባርም፣ በ2008 በሌላ የቆዳ ካንሰር ውስጥ የተገኘው የመርከል ሴል ፖሊዮማ ቫይረስም ተፈትነው ጽኑ ማስረጃ አልተገኘባቸውም። በ2015 በርካታ ቡድኖች የካንሰሩን ሴሎች ሙሉ የዘር መረጃ አንብበው ውጤታቸውን አወጡ። ያዩት ቲ ሴል ለመባዛት ትእዛዝ የሚቀበልባቸው ጂኖች መበላሸታቸውን ነው፤ በአንዳንዶቹ ላይም የፀሐይ ጨረር የሚተወው ዓይነት ጉዳት ነበር።

ተላላፊ ነገር ፈጽሞ የለም ማለት ግን አልተቻለም። በ2015 በቴክሳስ፣ በ2017 ደግሞ በካናዳ የኢቫን ሊትቪኖቭ ቡድን የሕሙማኑን አድራሻ መርምሮ በሽታው በተወሰኑ አካባቢዎች እንደሚከማች አሳየ። በእስራኤል ደግሞ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ከአንድ በላይ ሰው የታመመባቸው ሁኔታዎች ተመዝግበዋል፤ ይህ ወደ ዘርም ወደ ጋራ አካባቢም ያመለክታል። ዛሬ ብርቱ ማስረጃ ያለው ደግሞ ባክቴሪያ ነው። በቆሰለው ቆዳ ላይ የሚሠፍረው ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ የሚለቀው መርዝ ቲ ሴሎችን በጅምላ ያነቃል። በ2019 የኮፐንሃገን ተመራማሪዎች ጠንካራ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት የተሰጣቸው ከፍተኛ ደረጃ ላይ የደረሱ ሕሙማን ቆዳቸው እንደተሻለና የካንሰር ሴሎቻቸው እንደተዳከሙ አሳዩ። ባክቴሪያው በሽታውን ባይጀምረውም ያባብሰዋል፤ ይህን ማወቅ ለታማሚው እፎይታ ነው።

ዛሬ የቆምንበት

ሁለቱ በሽታዎች በመንሥኤ ቢለያዩም በሕክምና ተገናኝተዋል። በጃፓን ሞጋሙሊዙማብ የተባለ መድኃኒት በካንሰር ሴሎቹ ገጽ ላይ ያለን ሲሲአር4 የተባለ ፕሮቲን ለይቶ እንዲመታ ተሠራ፤ በ2012 ለቫይረሱ ሉኪሚያ ተፈቀደ። ያው ፕሮቲን በማይኮሲስ ፈንጎይደስና በሴዛሪ ሕመም ሴሎችም ላይ ስላለ በ2018 በአሜሪካ ለእነዚህም ተፈቀደ። በሙከራው መድኃኒቱን የወሰዱት በሽታቸው ሳይባባስ የቆዩበት ጊዜ በመካከለኛ ግምት 7.7 ወር ሲሆን፣ በንጽጽር የቀረበውን ሌላ መድኃኒት የወሰዱት 3.1 ወር ነበር። የጃፓን ሕሙማን ለቆሙለት ምርምር የሌላው ዓለም ሕሙማን ባለዕዳ ናቸው።

ማይኮሲስ ፈንጎይደስ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ታማሚን መጨባበጥ፣ አብሮ መብላት፣ አብሮ መተኛት የሚያሰጋ ነገር የለውም። በጥቁር ቆዳ ላይ ብዙ ጊዜ የገረጣ ነጠብጣብ ሆኖ ይመጣልና ለምጽ፣ ጭርት፣ አንዳንዴም የሥጋ ደዌ ይመስላል። በአገራችን እንደ አለርት ባሉ የቆዳ ሕክምና ቦታዎች፣ በውጭ አገርም ጥቁር ቆዳን እምብዛም ባላዩ ሐኪሞች ፊት፣ ይህን ማስታወስ ዋጋ አለው። በቅባት ለወራት የማይሻል ሽፍታ ያለበት ሰው የቆዳ ናሙና እንዲወሰድለት ቢጠይቅ መብቱ ነው፤ ናሙናውም አንዴ ግልጽ መልስ ካልሰጠ ከጊዜ በኋላ ሊደገም ይገባል።

ኤችቲኤልቪ-1 ደግሞ ገና አልተሸነፈም። በዓለም ቢያንስ ከ5 እስከ 10 ሚሊዮን ሰዎች እንደያዛቸው ይገመታል። በመካከለኛው አውስትራሊያ በአንዳንድ ነባር ሕዝቦች ዘንድ ከአዋቂዎቹ ከመቶ ከ40 በላይ የሚሆኑት ቫይረሱ አለባቸው። ክትባት የለም። በ2018 ጋሎን ጨምሮ ተመራማሪዎች ለዓለም ጤና ድርጅት ቫይረሱን ለማጥፋት እንዲነሣ የሚጠይቅ ግልጽ ደብዳቤ ጻፉ፤ ድርጅቱም በ2021 ስለ ቫይረሱ ዝርዝር ሪፖርት አወጣ። ደም መመርመርና ነፍሰ ጡርን መመርመር ርካሽና የተፈተነ መንገድ ሆኖ ሳለ፣ በብዙ አገር አለመጀመሩ የሚያስቆጭ ነው።

የቆዳ ሊምፎማውን መንሥኤ ፍለጋ የተነሡት ሰዎች ያሰቡትን መልስ አላገኙም። ያገኙትን ግን በጥንቃቄ መረመሩት፤ ስሕተት ሲሆን ስሕተት ነው አሉ፤ እውነት የሆነውን ደግሞ እናቶችና ደም ተቀባዮች እንዲጠቀሙበት አደረጉ። የአሊቤር በሽታ መንሥኤ ቫይረስ፣ ባክቴሪያ፣ ዘር፣ ወይም የሦስቱ ድምር መሆኑ አንድ ቀን ይለይ ይሆናል። ያ ቀን እስኪመጣ፣ ጥርጣሬን እንደ ማረጋገጫ ለታማሚ አለመንገር፣ ማስረጃ የጎደለውንም ጥያቄ ሞተ ብሎ አለመዝጋት የሐኪሙም የጸሐፊውም ግዴታ ነው።